የማክሰኞ ገንዘብ ጠያቂዎች

የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ የወለደችም ትጠየቃለች። ገንዘብ የሚጠየቅበት ቤት ግን ከዚህ ሌላ ያለ አይመስልም። በዚህ የአረጋውያን መኖሪያ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ቁርስ ተበልቶ ጠረጴዛው ሲወለወል፣ መራመድ የሚችለው በምርኩዙ፣ የማይችለው በተሽከርካሪ ወንበሩ እየተገፋ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ካለችው ጠባብ ክፍል በር ላይ ይሰለፋል። ተራው የደረሰ ይገባል። የገንዘብ ከረጢቱ ከካዝና ወጥታ ትሰጠዋለች፤ ይፈታታል፣ ያያታል፣ አንዳንዱም ሳያፍር ያሸታታል፤ ከዚያ መልሶ ቋጥሮ ያስረክባል።

«እንዴት ናት?» ይላል በር ላይ የቆመው።

«ደኅና ናት፤ እንዲያውም ወፍራለች» ይላል የሚወጣው፣ የልጅ ልጁን ያየ ያህል ደስ ብሎት።

ካዝናው አጠገብ የምትቀመጠውን ሴት ነዋሪዎቹ ቁልፌ ነው የሚሏት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አጠር ሞላ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ከመነጽሩ ክር ሥር ሌላ ክር አለ፤ ከዚያኛው ጫፍ ላይ የካዝናው ቁልፍ። ስትተኛም አታወልቀውም። ባሏ በያጅ ነው፤ «እኔ ያገባሁት ሴት ነው ወይስ ባንክ?» እያለ ለጓደኞቹ ያወራል፤ ደግሞ ይኮራባታል።

እሷ ከመምጣቷ በፊት የሁሉም ገንዘብ ቢሮ ውስጥ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር የሚቀመጠው። የማን ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ቆርቆሮው ብቻ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምስክር ሆኖ አይቆምም። አንድ ቀን ቆርቆሮው ቀለለ። ሁሉም «እኔ አላየሁም» አለ። በሳምንቱ የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ሥራውን ለቀቀ፣ ቆርቆሮውም አብሮት ለቀቀ። ይሄኔ ነው ሥራ አስኪያጁ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሃያ ዓመት ገንዘብ ተቀባይ የነበረችውን ይህችን ሴት ለምኖ ያመጣት። ገና በመጀመሪያው ቀን ቆርቆሮው የነበረበትን መደርደሪያ አይታ፣ «ሠላሳ ሰው አንድ ሱሪ አይለብስም» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማድነቅ ነው። እማማ መርፌ የሚባሉ፣ በደኅናው ዘመን ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ አሁን ምላሳቸው ከመርፌያቸው ይልቅ የሚወጋ ነዋሪ አሉ፤ እሳቸው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሠላሳ አንድ ከረጢት ሰፉ፣ ሁሉም የራሱን ቀለም መረጠ። ለካዝናው ሁለት ቁልፍ ተበጀለት፤ አንዱ በቁልፌ አንገት፣ ሌላው በዋና ነርሷ ኪስ፤ አንዷ ያለሌላዋ አትከፍተውም። ለእያንዳንዱ ሰው ደብተር ተከፈተ፤ ባለቤቱ ይፈርማል፣ ቁልፌ ትፈርማለች፣ ነርሷ ትፈርማለች። ኖት እንኳ አይቀያየርም፤ ጆሮው የተቀደደ ኖት ያስቀመጠ ሰው ያንኑ ጆሮ ቅዱድ ነው የሚያገኘው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች ቁልፌ፣ ከሚጠረጠሩት ራሷንም ሳታወጣ። አሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።

እስከዚህ ድረስ ማን ይወቅሳታል? ማንም። ጣጣው የመጣው ከአምስተኛው ዓምድ ነው።

ደብተሩ ላይ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ የሚሉ አራት ዓምዶች አሉ። አምስተኛውን ቁልፌ ራሷ ናት በማስመሪያ ያሰመረችው፤ «ምክንያት» ይላል። ማንም አላዘዛትም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የወንድም ልጅ ወር በመጣ ቁጥር «አጎቴ ጫማ ያስፈልገዋል» እያለ ያስወጣ ነበር። አጎትዬው ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሰባተኛው ጫማ ላይ ቁልፌ «ለምን?» ብላ ጠየቀች፤ ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ለምን?» አፏ ላይ ተተከለ። ባሏ ለፀጉር ቤት ሲጠይቃት እንኳ «ለምን? ባለፈው ወር ተቆርጠህ የለም?» ትለዋለች። «በቀለ እኮ፣ ምን ላድርገው?» ይላታል ምስኪን።

አሁን ወደ አባባ ፍሬቻ እንምጣ።

አባባ ፍሬቻ አርባ ዓመት ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ፍሬቻ የተባሉት ኮሪደሩ ላይ ሊታጠፉ ሲሉ ከኋላቸው የሚመጣው እንዲጠነቀቅ ምርኩዛቸውን ወደሚታጠፉበት ስለሚዘረጉ ነው። ሾርባ ይዞ ለሚሮጥ ሁሉ «ፍሬን ያዝ» ይላሉ። ከጡረታቸው እየተረፈ በዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ገንዘባቸው ሰማያዊ ከረጢት ውስጥ ነው፤ የቤቱ ወፍራም ከረጢትም እሷ ናት። አንድ ማክሰኞ ገቡና ከረጢቷን ሳይፈቱ መልሰው ወደ ቁልፌ ገፏት።

«ስንት ላውጣልዎት አባባ?»

«ሁሉንም።»

መነጽሯ ከአፍንጫዋ ወረደ። «ለምን?»

«አውቶቡስ ልከራይ ነው። እስከ ሐይቁ፣ ደርሶ መልስ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሁሉም ጋር። አንድ ወንበር ባዶ እንዳይቀር።» ቀጥለውም፣ «ሐኪሙ ዐይኔን አይቶታል ልጄ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ አሁን በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው የማየው። ቀዳዳዋም ሦስት ወር ብትቆይ ነው ብሎኛል።»

ቁልፌ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ያዙልኝ። ነገር ግን እጇ ከረጢቷ ላይ ነበር፣ ሃያ ዓመት ገንዘብ ሲቀበል የኖረ እጅ ደግሞ ለእንባ ቶሎ አይከፈትም። «ሐይቁን ለማየት ከሆነ አንድ ታክሲ ይበቃዎታል። ያዘዙትን ገንዘብ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይነካም። እኔው ራሴ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች።

«አውቶቡስ ነው ያልኩሽ። ሙሉ አውቶቡስ።»

«ሌላው በየራሱ ይክፈላ፤ እርስዎ ለምን የሰው ዕዳ ይሸከማሉ? ምክንያቱንስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ደስ ስላለኝ ብለሽ ጻፊ።»

በአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ደብተሩ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ቁልፌ እስክሪብቶውን በጣቷ መሃል አገላብጣ አገላብጣ፣ «እስኪ ትንሽ ይታሰብበት» አለችና ሸኘቻቸው። ከዚያ ማድረግ የማይገባትን አደረገች፤ ለልጃቸው ደወለች። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ያላት፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ናት። «እትዬ፣ በሞቴ ይያዙልኝ» አለች። «ነገ ዐይኑ ጨርሶ ሲጠፋ አጠገቡ የሚሆን ሰው እቀጥርለታለሁ ብዬ ነው። ሌላም ቀን አለ፤ እሱም ቀን ገንዘብ ይፈልጋል።» ቁልፌም እፎይ ብላ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አምስተኛው ዓምድ ላይ «ተመክሮ ቀረ» ብላ ጻፈች። ይህችን አባባል ትወዳታለች፤ ስትጽፋት አንድ ሰው ከገደል አፋፍ የመለሰች ይመስላታል።

አባባ ፍሬቻ ሲነገራቸው አልተቆጡም። «እሺ ልጄ» አሉ፣ ምርኩዛቸውን ወደ ግራ ዘርግተው ታጠፉ፤ ሄዱ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ገንዘባቸውን ሊጠይቁ አልመጡም። ከዚያም በሚቀጥለው አልመጡም። ሰማያዊዋ ከረጢት ካዝና ውስጥ ተጎልታ ቀረች፤ ጠያቂ የሌላት በሽተኛ መሰለች።

በሦስተኛው ሳምንት ቁልፌ መመገቢያ ክፍል ገብታ ሻይ ስትቀዳ አባባ ፍሬቻን አየቻቸው። ስኳር በማንኪያ ዝቀው ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱና፣ ያልገባውን ስኳር ማማሰል ጀመሩ። ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ አሁንም ዝቀው እዚያው አፈሰሱ። እማማ መርፌ ጠረጴዛውን ጠረጉላቸውና ሁለት ማንኪያ ጨመሩላቸው። ከዚያ ተነሥተው ቁልፌን ተከትለው ጠባቧ ክፍል ገቡ፣ በሩንም ዘጉት።

«ቀኑ ማክሰኞ አይደለም እማማ።»

«ገንዘቤን ልጠይቅ አልመጣሁም፤ አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ቁልፌ፣ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ገንዘባችንን ሌባ ነክቶት አያውቅም። እኛም ነክተነው አናውቅም።»

«እኔ እኮ ለእናንተው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ክፉ ብትሆኚ ኖሮ ድሮ ሰድበንሽ በተገላገልን። ጥሩ ሰው ስለሆንሽ ነው መውጫ ያጣነው። ከአራት ዓመት በፊት የከንፈር ቀለም ልገዛ መጥቼ ‹ለምን?› አልሽኝ። የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ለዚህ ምን ብላ ትመልሳለች? ‹ይቅር በቃ› ብዬ ወጣሁ። ቀይ ነበር ያማረኝ።»

እማማ መርፌ ሄዱ። ቁልፌ ነርሷን ጠርታ ካዝናውን ከፈተችና ሠላሳ አንዱን ደብተር፣ ያረፉትንም ሰዎች ደብተር ጨምራ፣ ጠረጴዛ ላይ ከመረችው፤ ቀሪውን ትታ አምስተኛውን ዓምድ ብቻ ታነብ ጀመር። ሬዲዮ፣ ተመክሮ ቀረ። ሽቶ፣ ተመክሮ ቀረ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሙሉ ሐብሐብ፣ ተመክሮ ቀረ። ባሕር ማዶ ላለች እኅት ስልክ መደወያ፣ «ውድ ነው፣ ደብዳቤ ይጻፉ» ተብሎ ተመክሮ ቀረ። ይህን የጠየቁት ሰው ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ገንዘባቸውንም ማንም አይቶት የማያውቅ ዘመድ መጥቶ፣ ፈርሞ፣ ሳይጎድል ተረክቧል። ሳይጎድል። ቁልፌ እዚህ ጋ ስትደርስ አለቀሰች፤ ከልቧ አፈረች። የሰው ገንዘብ ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከባለቤቱም ስትጠብቅ ኖራለች ማለት ነው።

አልቅሳ ስታበቃ ማስመሪያዋን አወጣችና በሠላሳ አንዱም ደብተር ላይ አምስተኛውን ዓምድ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው።

«ምነው? ለምን ሰረዝሽው?» አለች ነርሷ ደንግጣ።

«ደስ ስላለኝ» አለች ቁልፌ፣ አፍንጫዋን እየተናፈጠች። ነርሷ ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱም ካዝናው ላይ ተደግፈው እስኪበቃቸው ሳቁ።

በዚያው ቀን አባባ ፍሬቻ ክፍል ሄደች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በክፍሉ ማሞቂያ ላይ እግራቸውን ያሞቃሉ። «አባባ፣ በድያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ገንዘብዎ ነው፤ እኔ የቁልፉ እንጂ የእርስዎ አዛዥ አይደለሁም። ለልጅዎም መደወል አልነበረብኝም።»

«ይቅር ብያለሁ። ስንት ቀን ይፈጅብሻል? ጊዜ የለኝም እኮ።»

«አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

ልጃቸው ይህን ስትሰማ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ከመድኃኒት ቤቷ በቀጥታ መጣች። ሥራ አስኪያጁም ተጠራ፤ ደንቡን አውጥቶ፣ ነዋሪው የሚያደርገውን እስካወቀ ድረስ በገንዘቡ የሚያዘው እሱ ብቻ እንደሆነ አነበበና፣ ነገሩ እንዳይነካካው ቶሎ ወጣ። ልጅቱ ወደ ቁልፌ ዞራ፣ «እርስዎን አምኜ ነበር እኮ እትዬ፤ ሌላም ቀን አለ ብዬዎት አልነበር?» አለች። አባትዬው ግን ጣልቃ ገቡ።

«የኔ ልጅ፣ ያ ሌላ ቀን የምትዪው የቀብሬን ቀን ነው አይደል?»

ልጅቱ አቀረቀረች።

«የዚያን ቀን ማንም ደስ አይለውም። እኔም እገኛለሁ፣ ግን አላይም። እያየሁ ደስ ይበለኛ።»

ልጅቱ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት፣ እንባም አብሮ መጣ። «አባዬ አንተ እኮ አትቻልም» ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እኔም ልምጣ?»

«ወንበር ካለ» አሉ፣ ኮስተር ብለው።

አሁን ቁልፌን ማየት ነበር። ያ «ለምን?» ሥራ አላጣም፤ አቅጣጫውን ብቻ ቀየረ። ሦስት የአውቶቡስ ባለንብረቶች ዘንድ ሄደች። «ይሄን ያህል የምትጠይቀው ለምን?» «ነዳጁን ለብቻ የምታስከፍለው ለምን?» «ይሄ ጎማ የተላጨው ለምን?» የመጀመሪያው ተናደደ፤ ሁለተኛው ሻይ ጋብዞ ሊያታልላት ሞከረ፤ ሦስተኛው እጁን ሰጠ። ዋጋውን በሲሶ አስወርዳ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሯ መትታ፣ ውል አስፈርማ፣ ደረሰኝ ተቀብላ ተመለሰች። ሰውየው ስትወጣ ለረዳቱ፣ «የዚህች ሴትዮ ገንዘብ ከሆነ እግዜር ይጠብቀን» አለው። «ገንዘቡ የእሷ አይደለም እኮ» አለ ረዳቱ። «ወይ ጉድ፣ የራሷ ቢሆን ኖሮ ምን ልታደርገኝ ነበር?»

ከጉዞው በፊት የዋለው ማክሰኞ ደግሞ ለጉድ ነበር። ዓምዱ መሰረዙ ተሰምቶ ሰልፉ እስከ ማእድ ቤቱ በር ደረሰ። ሁሉም አወጣ፤ ማንም «ለምን?» አልተባለም። ነርሷ ስትፈርም እጇ ዛለ። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሙሉ ሐብሐብ አስገዝተው ክፍላቸውን ቆልፈው በማንኪያ በሉት፤ ሆዳቸው ታመመ፣ ግን አልተጸጸቱም። እማማ መርፌ ምሳ ላይ ከንፈራቸውን እንደ በርበሬ አቅልተው ሲገቡ ጭብጨባው ሌላ ነበር። «አፋችሁን ዝጉና ብሉ» አሉ፤ ግን ክፍሉን ሁለቴ ዞሩት።

የጉዞው ቀን አውቶቡሱ ጠዋት በር ላይ ቆመ። ከአልጋ መነሣት የማይችሉት አራት ሰዎች አስታማሚዎቻቸው ዘንድ ሲቀሩ፣ ሌላው በሙሉ ወጣ፤ ተሽከርካሪ ወንበሮቹ ታጥፈው ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ገቡ። ቁልፌ እስከዚያ ቀን ካዝናዋን ትታ ከከተማ ወጥታ አታውቅም፤ ቁልፏን ለሥራ አስኪያጁ አስፈርማ ሰጠችው። ለአባባ ፍሬቻ ከሹፌሩ ጎን፣ መስታወቱ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ተሰጣቸው፤ ከዚያ የተሻለ ማያ የለም። ወጣቱ ሹፌር ገና ሞተር ሳያስነሣ ትምህርት ተጀመረ፤ «ክላቹን አታንቀው፣» «እዚህ ጋ ማርሽ ቀንስ፣» «ለዚያች እናት አሳልፍላት»። ሹፌሩ ታጋሽ ልጅ ነው፣ «እሺ አባት» እያለ ከከተማ ወጡ።

መንገዱ ሜዳው ላይ ሲዘረጋ አባባ ፍሬቻ፣ «እስኪ ዳር ያዝልኝ» አሉት። አውቶቡሱ ቆመ። ከፊት ወንበር ተነሡና በሩ አጠገብ ያለችውን፣ ፊቷን ወደ ተሳፋሪዎች የምታዞረውን የረዳት ወንበር በእጃቸው ዳብሰው ዘረጓት፤ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ፤ ቀበቷቸውንም አሰሩ።

ቁልፌ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ «አባባ፣ መንገዱ ከኋላዎ ሆነ እኮ» አለች። «ሐይቁም የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።»

«መንገዱን ጠግቤዋለሁ ልጄ። አርባ ዓመት አይቼዋለሁ።» ዐይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላዬ ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ይጣላል፣ ያለቅሳል፤ እኔ ዞሬ አይቼ አላውቅም። ሹፌር ወደ ኋላ ካየ ገደል ይገባላ። ስንቱን ሙሽራ አድርሻለሁ፣ የአንዷንም ፊት አላውቀውም። እስኪ ዛሬ መንገዱን ይሄ ልጅ ይየው፤ እኔ ተሳፋሪዎቼን ልይ።»

ታክሲ ይበቃዎታል ያለችው ቁልፌ አንገቷን ደፋች።

አውቶቡሱ ተነሣ። አባባ ፍሬቻ በዚያች በቀረቻቸው ቀዳዳ፣ ከፊት ረድፍ ጀምረው፣ እያንዳንዱን ፊት ለብቻው፣ ሳይቸኩሉ ያዩ ጀመር። መጀመሪያ ሁሉም አፈረ። ከዚያ እማማ መርፌ ቀዩን ከንፈራቸውን አሹለው ሳሟቸው፤ በአየር ላይ ነው ግን ሳሟቸው። ሳቁ ፈነዳ፣ ዘፈን ተነሣ፣ ዳኛው ድምፃቸው እንዳማረ ያን ቀን ታወቀ። ልጃቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ እያጨበጨበች ነበር፤ እሷ ጋ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። «አፍንጫሽ የእናትሽ ነው» አሏት። ቁልፌ ጋ ሲደርሱ፣ «መነጽርሽን አውልቂው እስኪ» አሉ፤ አወለቀች። «ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ቆንጆ ሆነሽ ነው ‹ለምን› ስትዪን የኖርሽው?» ቁልፌ እንደ ልጃገረድ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አትሸፍኚ፤ ከፍዬበታለሁ» አሏት።

ከኮረብታው አናት ላይ ሐይቁ ድንገት ብቅ ሲል ሁሉም እልል አለ፤ የተቀመጠው ሊነሣ፣ የማያየው ሊያይ፣ አንገት ለአንገት ተሰጋገጉ።

«አባባ፣ ይዙሩ እንጂ! ሐይቁ እኮ ነው» አለች ቁልፌ።

«እያየሁት ነው» አሉ አባባ ፍሬቻ፣ ዐይናቸውን ከሰዎቹ ፊት ሳያነሡ።